«ልጅዎ በሞተር ነው የሚነዳው?»፦ ለትምህርት ወረዳችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ወረዳችን የልዩ ትምህርትና የተማሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች

ግልባጭ፦ ለወረዳው የትምህርት ቦርድ አባላት
ለአማርኛ ተናጋሪ ወላጆች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በትኩረት ማነስ ስም ወደ ሐኪም የሚላኩ ልጆቻችንን ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

እኛ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የምንኖር፣ ልጆቻችንን በእናንተ ትምህርት ቤቶች የምናስተምር አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ነን። የዚህን ደብዳቤ የእንግሊዝኛ ቅጂ በጽሕፈት ቤታችሁ አስገብተናል። በአማርኛ ደግመን የጻፍነው ጉዳዩ የሚነካቸው እናቶችና አባቶች በስማቸው ምን እንደተባለ በገዛ ቋንቋቸው እንዲያነቡት፣ የማይስማማም ካለ እንዲነግረን ብለን ነው።

ብዕር ያስነሣን በግንቦት ወር ለየቤታችን የላካችሁት ባለ አንድ ገጽ ማስታወቂያ ነው። ከገጹ አናት ላይ በደማቅ ቀለም የተጻፈው፣ ከአዲሱ የትምህርት ዘመን ጀምሮ ከኪንደርጋርተን እስከ ሁለተኛ ክፍል ላሉ ልጆች ሁሉ መምህራን የባሕርይ መጠይቅ እንደሚሞሉ፣ ነጥቡ ከፍ ያለበት ልጅ ወላጅም ልጁን ወደ ሐኪም እንዲወስድ ደብዳቤ እንደሚደርሰው ይናገራል። ከግርጌው ደግሞ በደቃቅ ፊደል፣ በወላጅ ስብሰባ ላይ በአካል ይገኙ የነበሩት የአማርኛ አስተርጓሚዎች ቀርተው አገልግሎቱ በስልክ ብቻ እንደሚሆን ተገልጿል። ሁለቱን ውሳኔዎች በአንድ ወረቀት ላይ ያስቀመጠው ሰው፣ ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚከተል ያሰበበት አይመስለንም። እኛ ግን ማስታወቂያው ሳይወጣም በፊት፣ ነገሩ በትንሹ ሲሠራ አይተነዋል።

በቅድሚያ የማንለውን እንናገር። ኤዲኤችዲ የሚባል የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት ችግር የለም አንልም። ከመካከላችን እንዲህ የሚል ሰው አይጠፋም፤ ቡና ላይ ወሬው በተነሣ ቁጥር «እኛ ስናድግ ማን ነበረበት? መድኃኒቱ ቁንጥጫ ነበር» የሚል አንድ አጎት አለ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የኮሚቴው ጸሐፊም ከዚያ አጎት ብዙ አልለይም ነበር። የበኩር ልጄ አንዱን ጫማ አስሮ ሌላውን ረስቶ የሚወጣ፣ የቤት ሥራውን ሠርቶ ቦርሳው ውስጥ እያለ ለመምህሩ መስጠት የሚዘነጋ ልጅ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ተቆጣሁት፣ ቀጣሁት፣ ጸበል ወሰድኩት። ለጸበሉ አልቆጭም፤ ለቁጣው ግን ዛሬም እቆጫለሁ። በዘጠኝ ዓመቱ አንዲት ሐኪም አጠገቤ በተቀመጠ አስተርጓሚ አማካይነት አንድ ሰዓት ተኩል አነጋገረችኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ ጠየቀችኝ፤ እርግዝናውን፣ እንቅልፉን፣ አዲስ አበባ የቀረችውን አያቱን ሳይቀር። መምህሩን ለብቻ ደውላ ጠየቀች። ጆሮውና ዓይኑ እንዲታይ አዘዘች። ከዚያ በኋላ ነው ስሙን የነገረችኝ። ዛሬ አዴራል የሚባል መድኃኒት ይወስዳል። ምሳ ያስጠላዋል፤ ስለዚህ መድኃኒቱን ከመዋጡ በፊት ቁርሱን ጠገብ አድርጌ አበላዋለሁ። በየወሩ አዲስ ማዘዣ ይጠይቁኛል፤ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ መድኃኒቱ ሲጠፋ ከፋርማሲ ፋርማሲ የዞርኩበት ቀን ብዙ ነው። ግን ልጄ መጽሐፍ ጀምሮ ይጨርሳል። የመጀመሪያውን የጨረሰ ቀን አለቀስኩ።

እንግዲህ የኛ ጥያቄ «አለ ወይስ የለም» አይደለም። ጥያቄያችን «ይህ ልጅ እንዳለበት በምን አወቃችሁ?» የሚል ነው።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ያወጣው መመሪያ፣ ሐኪሞቹ ዲኤስኤም አምስት የሚሉት፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። ዘጠኝ የትኩረት ማነስ ምልክቶችንና ዘጠኝ የቅብጥብጥነትና የችኮላ ምልክቶችን ይዘረዝራል። ከ17 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከአንዱ ወገን ቢያንስ ስድስቱ ሊታዩ ይገባል። ስድስት ወር መቆየት አለባቸው፣ ከዕድሜው ከሚጠበቀው በላይ መሆን አለባቸው፣ የተወሰኑትም ከ12 ዓመት በፊት የጀመሩ መሆን አለባቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምልክቶቹ ከአንድ በላይ ቦታ መታየት አለባቸው፤ ሌላ የተሻለ ምክንያትም ሊኖር አይገባም። ከአንድ በላይ ቦታ ሲባል ለሕፃን ልጅ ትምህርት ቤትና ቤት ነው። የትምህርት ቤቱን መምህሯ ትናገራለች። የቤቱን የሚናገር ከኛ በቀር ማን አለ? የኛን ቃል በትክክል ያልሰማ ምርመራ በአንድ እግሩ የቆመ ነው።

ወደ ቅሬታዎቻችን እንግባ። የመጀመሪያው የስልኩ ነገር ነው።

ከአባላቶቻችን አንዷ ሌሊት በአረጋውያን መንከባከቢያ የምትሠራ እናት ናት። በየካቲት ወር ከፈረቃዋ ወጥታ ሳትተኛ ለስብሰባ ተጠራች። ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት የቫንደርቢልት መጠይቅ የወላጁ ክፍል 55 ጥያቄ፣ የመምህሩ 43 ጥያቄ አለው፤ ለየባሕርዩ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ 2 ወይም 3 ያገኘው እንደ ምልክት ይቆጠራል። ለእርሷ የቀረበላት በእንግሊዝኛ ስለነበር አስተርጓሚው በስልክ እያነበበ ይጠይቃት ጀመር። ከኋላው የመኪና ጥሩንባ ይሰማል። ከጥያቄዎቹ አንዱ በእንግሊዝኛ ስለ እረፍት የለሽ ልጅ የሚነገር ፈሊጥ ነው። አስተርጓሚው እንዳለ አወረደላት፦ «ልጅዎ በሞተር ነው የሚነዳው?» እናትየዋ ግራ ገብቷት «ኧረ የለም፣ በትምህርት ቤቱ አውቶብስ ነው የሚሄደው» አለች። 0 ተሞላ። ትንሽ ቆይቶ «ብዙ ያወራል?» አላት። ልጁ እንግሊዝኛ እንደለመደ የተጠየቀች መስሏት ደስ ብሏት «ተመስገን! አሁንማ በጣም!» አለች። 3 ተሞላ። 

ይህን በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ስትነግረን ሁላችንም ሳቅን፤ እርሷም ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ግን ያ ወረቀት ዛሬም በልጁ ፋይል ውስጥ እንዳለ ትዝ አለን።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ስልኩ በመሐል ተቋረጠ። ጊዜ እንዳይባክን ተብሎ ሰባተኛ ክፍል የምትማር የልጁ እህት ከክፍሏ ተጠርታ እንድታስተረጉም ተደረገ። አስቡት፤ የ13 ዓመት ልጅ ስለ ወንድሟ የሚባለውን ለእናቷ ልትናገር። ማታ ቤት ሲገቡ «እማዬ፣ ግማሹን አልነገርኩሽም፤ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው» አለቻት። ሌላ ቦታ ደግሞ ኦሮምኛ የምትናገር እናት «ኢትዮጵያዊት ናት» ተብሎ አማርኛ አስተርጓሚ ተደወለላት፤ ከጨዋነት የተነሣ «እሺ፣ እሺ» ብላ ወጣች። «እሺ» ማለቷ እንደ ፈቃድ ተቆጠረ።

የፌዴራሉ የልዩ ትምህርት ሕግ፣ አይዲኢኤ፣ የወላጅ ፈቃድ ወላጁ በሚረዳው ቋንቋ ተገልጾለት የሚሰጥ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። ትምህርት ቤቱም ወላጁ በስብሰባው ላይ የሚባለውን እንዲረዳ አስተርጓሚ ማቅረብን ጨምሮ አስፈላጊውን ሁሉ እንዲያደርግ ያዝዛል። ይህ እንደ ውለታ የሚቆጠር ነገር አይደለም።

«ትምህርት ቤት ምርመራ አይሰጥም፤ ምርመራ የሐኪም ነው» እንደምትሉን እናውቃለን። በወረቀት እውነት ነው። በተግባር ግን አብዛኞቻችን የምናገኘው የሕፃናት ሐኪም ለአንድ ልጅ ያለው ጊዜ ከሩብ ሰዓት ብዙም አይዘልም። በፊቱ ያለው ማስረጃ ቁጥር የተሞላበት የትምህርት ቤት ወረቀትና በተሰባበረ እንግሊዝኛ የምትመልስ እናት ናት። የትኛውን እንደሚያምን መገመት አያስቸግርም። ሐኪሙ የሚፈርመው በእጁ ነው፤ እጁን የሚመራው ግን የእናንተ ወረቀት ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን የዕድሜ ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ብንቆይ ታገሡን፣ ከሁሉ የሚያሳዝነን እርሱ ነውና።

በሜሪላንድ አንድ ልጅ ኪንደርጋርተን ለመግባት እስከ ሴፕቴምበር 1 አምስት ዓመት ሊሞላው ይገባል፤ በቨርጂኒያ እስከ ሴፕቴምበር 30። ወሰን መኖሩ ግድ ነው። ወሰን ሲኖር ግን በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን የቀረው የዕድሜ ልዩነት ያላቸው ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ለአምስት ዓመት ልጅ አንድ ዓመት የዕድሜው አምስተኛ ነው። በ2018 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት ከ400,000 በላይ ልጆችን መርምሮ ነበር። ሴፕቴምበር 1ን ወሰን ባደረጉ ግዛቶች በኦገስት የተወለዱት፣ በሴፕቴምበር ከተወለዱት ይልቅ በ34 በመቶ በበለጠ ኤዲኤችዲ አለባችሁ ተብለዋል። ወሰኑ ሌላ በሆነባቸው ግዛቶች እንዲህ ያለ ልዩነት አልተገኘም። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ወሰኑ የዲሴምበር መጨረሻ ነው፤ በዚያ የተሠራና በ2012 የወጣ ጥናት ደግሞ በዲሴምበር የተወለዱ ወንዶች በጃንዋሪ ከተወለዱት በ30 በመቶ፣ ሴቶቹ በ70 በመቶ በበለጠ ምርመራው እንደተሰጣቸው አሳየ። የኦገስት ልጅና የሴፕቴምበር ልጅ አእምሯቸው ሌላ ሌላ አይደለም። የሚለየው አጠገባቸው የተቀመጠው ልጅ ነው። መምህሯ ልጅን የምትመዝነው ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር ነው፤ ትንሹ ልጅነቱ ብቻ ጥፋት ሆኖ ይጻፍበታል።

ይህ የሁሉም ልጅ ዕዳ ነው። የእኛ ልጆች ግን በላዩ ላይ ሌላ ተጨምሮባቸዋል፤ የዘመን አቆጣጠር ዕዳ። የኢትዮጵያን ዓመተ ምሕረት ወደ ፈረንጁ ለመቀየር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ለተወለደ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ለተወለደ 8 ይደመራል። ይህን የሚዘነጋ ጸሐፊ፣ ተርጓሚ፣ ቅጽ ሞላሁ ባይ ስንቱን ልጅ አንድ ዓመት እንዳስረጀ እኛ እናውቃለን። ከአባሎቻችን የአንዱ ልጅ የተወለደው ነሐሴ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው፤ ኦገስት 26 ቀን 2017 ማለት ነው። ወረቀቱን የሞላው ሰው 8 መደመር ሲገባው 7 ደመረ። ልጁ በፓስፖርቱ የ2016 ልደት ሆነ። በ2023 መግቢያ ሲመጣ ገና ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ሁለተኛ ክፍል ተቀመጠ። ከክፍሉ ልጆች ትንሹ እንኳ በአንድ ዓመት ገደማ ይበልጠዋል፤ ትልቁ ወደ ሁለት ዓመት ይጠጋል። እንግሊዝኛ አያውቅም። እናቱ ቀድማ መጥታ አራት ዓመት ከአያቱ ጋር ኖሯል። ኅዳር ላይ ወረቀት መጣ፦ «ወንበሩ ላይ አይቀመጥም፣ ተራ አይጠብቅም፣ የጀመረውን አይጨርስም»።

አባቱ የክትባት ካርዱንና የክርስትና ምስክር ወረቀቱን ይዞ ሄደ። «እኛ የምንሄደው በፓስፖርቱ ነው» ተባለ። የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ ዓመቱ ሌላ እንደሆነ ሊያስረዳ ሲሞክር የፊት ቢሮ ሠራተኛዋ ፈገግ አለችበት፤ አባትየው ያቺን ፈገግታ እስከ ዛሬ አልረሳትም። ልጁ የዛሬ ዓመት ወደ ትክክለኛ ክፍሉ ወረደ፤ ጠበቃ ያላት አንዲት ጎረቤት ስላገዘችው ነው። ከወረደ በኋላ ስለ ትኩረቱ ያነሣ መምህር የለም። ፋይሉ ላይ የተጻፈውን ግን ማንም አላነሣለትም።

ሦስተኛው፣ እንደ ምልክት የሚቆጠረው ነገር ራሱ ነው። «በቀጥታ ሲያናግሩት የማይሰማ ይመስላል» የሚለው ከዘጠኙ የትኩረት ማነስ ምልክቶች አንዱ ነው። እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲቆጣ ልጅ መሬት መሬት ያያል። ቀና ብሎ ዓይን ዓይን የሚያይ ልጅ «ዓይን አውጣ» ይባላል። ልጁ ቤት የተማረውን ጨዋነት ትምህርት ቤት ይዞ ሲመጣ መምህሯ «እያናገርኩት የለም» ብላ 3 ትሞላለች።

አንዲት አንደኛ ክፍል ያለች ልጅ ደግሞ ሲጠሯት ዞር አትልም ተባለ። መጠይቁ ተሞላ፣ ስብሰባ ተደረገ፣ እናቷ ስለ መድኃኒት ብሮሹር ተሰጣት። ከሦስት ወር በኋላ በጉንፋን ምክንያት የሄዱበት ክሊኒክ ጆሮዋን ሲያይ ከታምቡሯ ኋላ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ተገኘ። ልጅቷ አትሰማም ነበር። ሌላው ልጅ ሌሊት ያንኮራፋል፤ ቶንሲሉ አብጦ የሚተኛው አፉን ከፍቶ ነው፣ ያውም ሳሎን ሶፋ ላይ፤ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ አባቱ ከፈረቃ ሌሊት 7 ሰዓት ሲገባ ይነቃል። ጠዋት ክፍል ውስጥ ዓይኑ ይፈዛል፣ ይነጫነጫል። እንቅልፍ ያጣ ትልቅ ሰው ይደክመዋል፤ እንቅልፍ ያጣ ሕፃን ግን ይቅበጠበጣል። ይህን ማንም እናት ታውቃለች፤ የጠየቃት ግን የለም።

በር በሩን የሚያይ ልጅም አለ። እናትና አባት በዲቪ ወይም በጥገኝነት ቀድመው መጥተው፣ ልጅ ከአያት ጋር አምስት ስድስት ዓመት ቀርቶ በኋላ ሲመጣ፣ የማያውቃትን እናት «እማዬ» በል ሲባል፣ ልቡ ከክፍሉ ውጭ ነው። ከጦርነት አካባቢ የመጡም አሉ፤ በር ሲዘጋ የሚደነብሩ። መምህሯ የጻፈችው «በውጭ ድምፅ በቀላሉ ይረበሻል» የሚል ነው። ይረበሻል፣ አዎ። ለምን እንደሚረበሽ የሚጠይቅ ሣጥን ግን በመጠይቁ ላይ የለም።

አራተኛው ቅሬታ ከላይ ካልነው ጋር የሚጣላ ሊመስላችሁ ይችላል፤ አይጣላም። ያለባቸውን ደግሞ አላያችሁም። በ2022 በተደረገው አገር አቀፍ የሕፃናት ጤና ጥናት መሠረት በአሜሪካ ከ3 እስከ 17 ዓመት ካሉ ልጆች 11.4 በመቶው፣ 7.1 ሚሊዮን ልጆች ማለት ነው፣ በአንድ ወቅት ኤዲኤችዲ አለባችሁ ተብለዋል። ከወንዶቹ 15 በመቶ፣ ከሴቶቹ 8 በመቶ። ሴት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አትረብሽም፤ ትፈዛለች። የፈዘዘች ልጅ መምህርን አታስቸግርም፤ ስለዚህ ወረቀት አይጻፍባትም። ከአባሎቻችን የአንዷ ልጅ ከሁለተኛ እስከ ሰባተኛ ክፍል ድረስ ኢሶል ውስጥ፣ ሌላ ቋንቋ ለሚናገሩ ልጆች እንግሊዝኛ በሚሰጥበት ክፍል፣ ቆየች። መስኮት መስኮቱን እያየች ውጤቷ በየዓመቱ ወረደ። እናቷ በየስብሰባው «ልጄን እዩልኝ፣ ቀልቧ አይሰበሰብም» ስትል «ቋንቋ ነው፣ ጊዜ ስጫት» ይሏታል። ልጅቷ የተወለደችው እዚሁ አሜሪካ ነው፤ ከእናቷ ይልቅ እንግሊዝኛው ይቀላታል። በ13 ዓመቷ የታወቀላት ትኩረት ማነስ ነበር፤ ያውም እናቷ ከኪሷ ከፍላ ባስመረመረቻት። ስድስት ዓመት ራሷን «ደደብ ነኝ» ስትል የኖረች ልጅ ናት።

ለወንዱ የቋንቋ ችግሩ እንደ በሽታ ተቆጠረ፤ ለሴቷ በሽታዋ እንደ ቋንቋ ችግር ተቆጠረ። ሕጉ በግልጽ እንደሚለው ዋናው ምክንያት የእንግሊዝኛ ችሎታ ማነስ የሆነበት ልጅ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት አለበት ተብሎ ሊመደብ አይችልም። ያንን ለመለየት ግን ልጁን በሚያውቀው ቋንቋ የሚያናግረው ሰው ያስፈልጋል።

አምስተኛውን ባጭሩ። በአንድ ትምህርት ቤት አንዲት እናት «መድኃኒት እስኪጀምር ድረስ ለጉዞ አንወስደውም» ተብላለች። ሪታሊንና አዴራል ከመሳሰሉት፣ በፌዴራል መንግሥት ጥብቅ ቁጥጥር ሥር ካሉት መድኃኒቶች ማዘዣ ማምጣትን ለመማር ቅድመ ሁኔታ ማድረግ ከ2004 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2019 ያወጣው መመሪያ ደግሞ ስድስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ከመድኃኒት በፊት የወላጅ ሥልጠና ይቅደም ይላል። እናንተ መጠይቅ የምትሞሉት ለአምስት ዓመት ልጆች ነው። በአማርኛ የሚሰጠው የወላጅ ሥልጠና የት አለ? በማስታወቂያችሁ ላይ አላየነውም።

የኛንም ጥፋት አንደብቅም። ሳናነብ እንፈርማለን። ጥያቄ መጠየቅ መምህርን መዳፈር ይመስለናል። ብዙዎቻችን ልጃችን ችግር አለበት ከተባለ መንግሥት ይወስድብናል ብለን እንፈራለን፤ ስለዚህ ስብሰባ ላይ «ቤት ውስጥ ምንም የለበትም» ብለን የምንዋሽ አለን። ምርመራውን ከዘመድ የምንደብቅ፣ ልጁ መድኃኒት እንደሚወስድ ለአያቱ የማንነግር አለን። በኛ በኩል በየቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ላይ ለወላጆች ስለዚህ መነጋገር ጀምረናል። ፍርሃታችን ግን ከእናንተ ወረቀት ጋር ሲደመር ልጁ በመካከል ይቀራል።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

የአስተርጓሚው ውሳኔ ይሻር። ለትኩረት ማነስም ሆነ ለልዩ ትምህርት በሚደረግ ማንኛውም ስብሰባ በአካል የሚገኝ፣ የሠለጠነ አስተርጓሚ ይቅረብ፤ የወላጁ ቋንቋ ቀድሞ ይጠየቅ። የቤተሰብ ልጅ በምንም ምክንያት አያስተርጉም።

የወላጁ መጠይቅ አማርኛ አፉን በፈታ የሥነ ልቦና ወይም የሕክምና ባለሙያ ተተርጉሞ ይሰጠን። ፈሊጦቹ ቃል በቃል አይውረዱ። ሞተሩ በተለይ።

ማንም ልጅ ወደ ሐኪም ከመላኩ በፊት ጆሮውና ዓይኑ ይታይ፣ ስለ እንቅልፉ ወላጁ ይጠየቅ፣ ከክፍሉ ልጆች ጋር ሲነጻጸር የተወለደበት ወር በመጠይቁ ላይ ይጻፍ። ከኢትዮጵያ የመጣ ልጅ ከሆነ ልደቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጠይቆ ይመሳከር፤ የክትባት ካርድና የክርስትና ወረቀት እንደ ማስረጃ ይታዩ።

መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች ስለ መድኃኒት ለወላጅ ሐሳብ እንዳይሰጡ በጽሑፍ ይታዘዙ።

ወላጅ በትምህርት ቤቱ ግምገማ ካልተስማማ በወረዳው ወጪ በገለልተኛ ባለሙያ የሚደረግ ግምገማ የመጠየቅ መብት እንዳለው በአማርኛ ተጽፎ ከመጠይቁ ጋር ይላክልን። ይህ መብት እንዳለ ከመካከላችን ያወቅነው ሦስት ብቻ ነበርን።

ስብሰባዎች ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ብቻ አይደረጉ፤ ያ ሰዓት ግማሾቻችን የምንተኛበት፣ ግማሾቻችን ታክሲ ላይ ያለንበት ነው። በሳምንት አንድ ምሽት ይመደብልን።

ባለፉት አምስት ዓመታት ስንት አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ልጆች በትኩረት ማነስ ጥርጣሬ እንደተላኩ፣ ስንቶቹ ወንድ ስንቶቹ ሴት እንደሆኑ፣ በየትኛው ወር እንደተወለዱ፣ በስንቶቹ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ እንደነበረ፣ የልጆቹ ስም ሳይገለጽ በቁጥር ይገለጽልን። ከላይ የነገርናችሁ እኛ የምናውቃቸውን ነው፤ የማናውቃቸው ስንት እንደሆኑ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

እነዚህ እስኪሟሉ ድረስ አዲሱ መጠይቅ ለልጆቻችን እንዳይሞላ እንጠይቃለን። መልሳችሁን በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም እንጠብቃለን። በሚቀጥለው የቦርድ ስብሰባ ላይ የሕዝብ አስተያየት ለመስጠት ስማችንን አስመዝግበናል፤ የራሳችንን አስተርጓሚ ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የአማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ኮሚቴ ጸሐፊ፣ የሁለት ልጆች እናት

የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ልጁ ዕድሜው የተሳሳተበት አባት

የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት መምህርት

እና ስማቸውን ከእንግሊዝኛው ቅጂ ጋር አያይዘው የፈረሙ ወላጆች